አራት ጊዜ ያጠረችው በርጩማ

እኔ አናጢ ነኝ። ይሄን ስል ባለቤቴ ሰዓዳ ከኩሽና ሆና ትስቃለች፤ ትሳቅ፣ ግዴለም። አናጢነቱን ማን ሰጠህ ብትሉኝ ስልኬ ነው። ሰው ሁሉ ቤቱ በተዘጋበት በዚያ በኮሮና ሰሞን፣ እዚህ በሰው ሀገር የምሠራበት የዕቃ ዌርሃውስ ሺፍታችንን ሲቀንስብን፣ ገሚሱ ሰው ዳቦ መጋገር ተማረ፣ ገሚሱ ሰፈሩን እየዞረ መሮጥ ጀመረ። እኔ ደግሞ ሶፋዬ ላይ ተጋድሜ ሰዎች እንጨት ሲቆርጡ ማየት ጀመርኩ። ጢማቸውን ያሳደጉ ዝምተኛ ሰዎች ናቸው። አንድ ግንድ ያመጣሉ፣ ይሰነጥቁታል፣ ይልጉታል፣ በብርጭቆ ወረቀት ያሹታል፣ በሃያ ደቂቃ ውስጥ ቁም ሳጥን ሆኖ ቁጭ ይላል። እኔም ቁም ሳጥን በሃያ ደቂቃ እንደሚያልቅ ከልቤ አመንኩ። ኤዲቲንግ የሚባል ነገር መኖሩን ያስታወሰኝ ሰው አልነበረም።

እንዲህ ሆኜ አንድም እንጨት ሳልነካ አንድ ዓመት ተኩል አናጢ ሆኜ ኖርኩ። ሰው ቤት ስጋበዝ ጠረጴዛውን በጣቴ ኳ ኳ አደርግና «ይሄማ እንጨት አይደለም፤ ሰጋቱራ ነው በኮላ የጨመቁት» እላለሁ፣ የቤቱ ባለቤት ሻይ እየቀዳልኝ። ከከተማችን ወጣ ብሎ ሉዊስ ሴንተር አዲስ ቤት የገዛ ወዳጃችን «ቤቴን እዩልኝ» ብሎ ሲጠራን፣ ሌላው እንግዳ «ማሻአላህ፣ የኸይር ቤት ያድርግላችሁ» ሲል እኔ ጎንበስ ብዬ የኩሽናውን ካቢኔት ማዕዘን እመረምር ነበር። ሰዓዳ ጎኔን ቆንጥጣ ነው ቀና ያደረገችኝ።

በመጨረሻ ያስቆመኝ ጋሼ ይማም ነው። ጋሼ ይማም ከእኛ ሰፈር ብዙ ሳይርቅ ብሌንደን ታውንሺፕ የሚኖር ትራክ ነጂ ነው፤ በዕድሜ ታላቄ ነው፣ አንቱ ማለቱን ራሱ ከከለከለኝ ግን ዓመታት አልፈዋል። አንድ ቀን ጋራዤ በር ላይ መኪናውን አቆመና አንድ ትልቅ ካርቶን አራገፈ። መጋዝ፣ መዶሻ፣ ድሪል፣ ሜትር፣ ስለቱ የዶለዶመ መላጊያ። ጎረቤቱ ቤት ሲለቅ ውሰድልኝ ያለውን ነው ያመጣልኝ።

«እንካ» አለኝ። «ከዛሬ ጀምሮ ወይ ትሠራለህ፣ ወይ ሰው ቤት ስትሄድ አፍህን ትዘጋለህ።»

ሁለቱም ከበዱኝ። ካርቶኑን ጋራዥ ጥግ አስቀመጥኩትና ክረምቱን ከዚያ ከበረዶ መዛቂያው ጎን ሆኖ አሳለፈ።

እንግዲህ ጉዱ የሚጀምረው እትዬ ዘሃራ ሲመጡ ነው። እትዬ ዘሃራ የሰዓዳ እናት፣ የእኔ አማት ናቸው። ተወልደው ያደጉት ወሎ፣ የሚኖሩት ኮልፌ ነው። ሰዓዳ የመጀመሪያ ልጃችንን ልትወልድ ስትል ቪዛው እንደ ተአምር ተገኘና፣ አራስ ልጃቸውን ሊያርሱ፣ ስድስት ወር ሊቀመጡ፣ በየካቲት በረዶ ፎረስት ፓርክ ያለችው ቤታችን ገቡ። አጠር ያሉ፣ ቁጥብ፣ ሁሉን በዓይናቸው የሚጨርሱ ሴት ናቸው። ጉልበታቸውን ግን ካመማቸው ቆይቷል።

ሶፋችን ደግሞ አስቸጋሪ ሶፋ ነው። እኔ አንድ ዓመት ተኩል ተጋድሜበት መሃሉን ያጎደጎድኩት ይመስለኛል። እትዬ ዘሃራ ሲቀመጡበት ይዟቸው ይሰምጣል፤ ከደረታቸው በታች አይታዩም። ለመነሳት ሰዓዳን ይጠራሉ። ሰዓዳ በኦፕሬሽን ከወለደች ሳምንቷ ነው፤ ከልጁ የከበደ ነገር እንዳታነሳ ተብላለች። እኔ ሮጬ እጄን ስዘረጋ «አስተግፊሩላህ! ተው ልጄ፣ ራሴ እነሳለሁ» ይሉና ነጠላቸውን ሰብስበው እንደሰመጡ ይቀራሉ። አማች እጃቸውን ይዞ እየጎተተ እንዲያነሳቸው አይፈልጉም። ሦስት ቀን ካዩ በኋላ መቀመጡን እርግፍ አድርገው ትተው ቀኑን ሙሉ ቆመው መዋል ጀመሩ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ከአዲስ አበባ ከደወለው ወንድ ልጃቸው ጋር ሲያወሩ ሰማሁ። ሆን ብዬ ጆሮዬን አላቆምኩም፤ እሳቸው ናቸው ስልክ ሲያወሩ ድምፃቸው ኮልፌ ድረስ ያለ ስልክ የሚሰማው። «አራስ ላርስ መጥቼ እኔው አራስ ሆኜ አረፍኩት። የልጄን ልጅ አቅፌ መነሳት ካቃተኝ ምን ልሠራ ነው የተቀመጥኩት? ቲኬቴን አስቀይርልኝ።» ልጁም እሺ ብሎ አስቀየረላቸው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ላለው ቅዳሜ።

ሰዓዳ ስትሰማ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ አለቀሰች። «እናቴን በስንት ዓመቴ አግኝቻት በሶፋ ምክንያት ልትሄድብኝ?» አለች። አንጀቴን በላችው።

ሌላ ወንበር የለም ወይ ትሉኝ ይሆናል። የምግብ ጠረጴዛችን ከነወንበሮቹ እንደ ቡና ቤት ባንኮኒ የረዘመ ነው፤ እትዬ ዘሃራ እዚያ ላይ የሚወጡት በመሰላል ነው። ታጣፊ ወንበር ከጋሼ ይማም ተውሼ አመጣሁ፤ ዙሪያውን ሁለቴ ዞረው አዩትና «ይሄ እኔን እንደያዘ ቢታጠፍስ?» ብለው ሳይነኩት መለሱት። ሰዓዳ «በቃ ልኳ የሆነ ነገር ኦርደር እናድርግ» ስትል ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ደረቴን ነፍቼ «አናጢ ባለበት ቤት?» አልኳት። እትዬ ዘሃራም ሰሙ። ከሰሙ ደግሞ አለቀ፤ ወደ ኋላ ማለት የለም።

ጋራዥ ወርጄ ካርቶኑን ከፈትኩ። ያልለመድኩትን ነገር ነው የጀመርኩት እያልኩ ቢሆንም ልቤ ቅቤ ጠጥቷል። በርጩማ ነው የምሠራው፤ አራት እግር፣ አንድ መቀመጫ። ጢማሞቹ ቁም ሳጥን በሃያ ደቂቃ ከጨረሱ በርጩማ ስድስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው።

የበርጩማ ቁመት የሚለካው በሚቀመጥበት ሰው እግር ነው፤ ከተረከዝ እስከ ጉልበት። በሉ እስቲ ንገሩኝ፣ የትኛው አማች ነው ሜትር ዘርግቶ አማቱ እግር ሥር ተንበርክኮ «እትዬ፣ ቀሚስዎን ትንሽ ሰብሰብ ያድርጉልኝ» የሚለው? ያለ ካለ አሳዩኝ። ለእናቴ እንኳን አላደርገውም። ሰዓዳ ትለካልኝ ብዬ ገባሁ። ልጁን እያጠባች፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ሦስት ሌሊት ያልተኛ ሰው በሚናገርበት ድምፅ «እኔ እንጃ፣ አንድ ክንድ ቢሆን ነው» አለችኝ።

አንድ ክንድ። ከክርን እስከ መሃል ጣት ጫፍ። የማን ክንድ ብዬ አልጠየቅኳትም፤ ተመልሼ የራሴን ክንድ ለካሁ። እኔ ደግሞ፣ ራሴን ማሞገስ አይሁንብኝና፣ ዌርሃውስ ውስጥ ሌላው በመሰላል የሚያወርደውን ዕቃ ቆሜ የማወርድ ሰው ነኝ።

ስድስቱ ደቂቃ ስምንት ቀን ፈጀ። ከሺፍት ስመለስ ቀጥታ ጋራዥ ነው። ብርዱ ጣት ይቆርጣል። ማስክ እንኳን በዚያ ጊዜ ሞልቶ ተርፎ ነበር፤ ሰጋቱራው ግን በማስኩ ላይ አልፎ ሻዬ ውስጥ ይገባል። ያመጣሁት ጣውላ ሱቅ ውስጥ ቀጥ ያለ ነበር፤ ቤቴ ሲደርስ ተጣመመ። የመጀመሪያውን እግር በሜትር ለካሁ። ሁለተኛውን በመጀመሪያው ለካሁ፣ ሦስተኛውን በሁለተኛው፣ አራተኛውን በሦስተኛው። እያንዳንዱ ከታላቁ የእርሳስ መስመር ታህል እየበለጠ ሄዶ አራተኛው ወንድሞቹን ቁልቁል የሚያይ ሆነ። ኮላ ስቀባ ግራ ጓንቴ ከመቀመጫው ጋር ተጣበቀ፤ ብጎትተው ጣቶቹ እዚያው ቀሩ። ዛሬም በርጩማዋን ገልብጣችሁ ብታዩ ጥቁር ሱፍ ታገኛላችሁ።

ያም ሆኖ አለቀች። ሳሎን ይዣት ገባሁ። እትዬ ዘሃራ ከሀገር ቤት ተሸክመዋት የመጡት አንዲት ትንሽ ቀይ ምንጣፍ አለች፣ መስኮቱ አጠገብ የምትነጠፍ፤ በርጩማዋን እዚያ ላይ እንዳኖራት በእጃቸው አሳዩኝ። «ቢስሚላህ» ብለው ተቀመጡ።

ተቀመጡ ከማለት ወጡ ማለት ይሻላል። ሁለት እግራቸው መሬት አልነካም። ተንጠለጠለ። ሰዓዳ አየችኝ፣ እኔ ጣሪያውን አየሁ።

«ማሻአላህ!» አሉ እትዬ ዘሃራ፣ ከላይ ሆነው። «ምን ያለች ጠንካራ በርጩማ ናት! እጅህን ቁርጥማት አይንካው ልጄ።»

«ከፍ አላለችብዎትም እትዬ?»

«ኧረ በጭራሽ! እንዲያውም ውጭውን በደንብ አየሁባት።» ከዚያ ትንሽ ቀኝ ግራ አሉና በለሰለሰ ድምፅ «ብቻ... ትንሽ ትወዛወዛለች መሰለኝ» አሉ።

እውነታቸውን ነው፤ ያ አራተኛው እግር ነው። አናጢን ወንበርህ ይወዛወዛል ከማለት ስድብ ይሻለዋል። ይዣት ጋራዥ ወረድኩና ረጅሙን እግር ቆረጥኩ። አንዱን ሳሳጥር ሌላው ይረዝማል፤ እሱን ስነካ ሦስተኛው ያኮርፋል። ዞሬ ዞሬ አራቱም ሁለት ሁለት ጣት አጥረው ነው ሰላም የወረደው። ሲሚንቶው ላይ አቆምኳት፤ ንቅንቅ የለም።

በማግስቱ መለስኳት። እትዬ ዘሃራ ምንጣፋቸው አጠገብ ቆመው ሲጠብቁኝ አገኘኋቸው። «ጉሮሮዬ ደረቀ፣ እስቲ ውሃ አምጣልኝ» አሉኝ። ውሃውን ይዤ ስመጣ ተቀምጠዋል። እግራቸው አሁንም አልደረሰም፣ ግን ወደ መሬት ቀርቧል።

«ማሻአላህ!» አሉ። «እጅህን ቁርጥማት አይንካው። ብቻ... ትንሽ ትወዛወዛለች።»

በእጄ ነካ አደረግኳት። ወላሂ ትወዛወዛለች! ጋራዥ ውስጥ ቀጥ ብላ የቆመች በርጩማ ሳሎን ስትገባ ታነክሳለች። ይዣት ወረድኩ። ሁለት ጣት።

ሦስተኛውን ጊዜ ልንገራችሁ? እንደ ሁለተኛው ነው። «ውሃ አምጣልኝ።» ውሃ አመጣሁ። «ማሻአላህ። ብቻ...» ነካ አደረግኳት፤ ትወዛወዛለች። ሁለት ጣት ቆርጬ ስመልሳት አሁንም ያው። ከዚያ ወዲያ ሥራ ቦታ ፎርክሊፍት ላይ ተቀምጬ እንኳን የማስበው ያንኑ ነው። ሱፐርቫይዘሬ ፈዝዤ አየኝና «ኤቭሪቲንግ ኦኬ?» ቢለኝ ምን ልበለው? ውሃ ልክ ገዛሁ፤ ያቺን ውስጧ አረፋ ያለች የአናጢ መለኪያ። አረፋዋ መሃል ላይ ቁጭ አለች። ውሃ ልኩ ልክ ነው ካለ፣ አማቴ ደግሞ ትወዛወዛለች ካሉ፣ ማን ይታመናል? እኔ ለአረፋ ብዬ አማቴን አላስዋሽም።

ለጋሼ ይማም ኮል አደረግኩለት። እሁድ ጠዋት ብይ በኪሱ ይዞ መጣ። ሳሎኑ መሃል ተንበርክኮ ብይዋን ለቀቃት፤ ቀስ ብላ ተንከባልላ ኩሽና ገባች። ጋሼ ይማም እንደ ሐኪም ራሱን ነቀነቀ።

«በርጩማህ ደህና ናት» አለኝ። «ቤትህ ነው የሰመጠው።»

ከቤታችን ሥር ሰው በደረቱ ተስቦ የሚገባባት ክፍተት አለች፤ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ባትሪ ይዘን በእሁድ ቀን እዚያ ገባን። ጋሼ ይማም ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ግማሽ መንገድ ላይ ጋሼ ይማም ሆዱ ተያዘና ወደፊትም ወደኋላም አልል አለ። «ይሄን ለማንም እንዳትናገር» አለኝ በጨለማው ውስጥ። ስገፋው ይስቃል፣ ሲስቅ ደግሞ ሆዱ ይነፋል። ከላያችን እትዬ ዘሃራ «ሰዓዳ፣ ከወለሉ ሥር ሰው ይስቃል፣ አዑዙ ቢላህ!» ሲሉ ሰማናቸው። እንደምንም ገፍቼ አሳለፍኩት፤ ቤቱ አልሰመጠም። ያገኘነው ነገር ቢኖር የአንድ እግር የሕፃን ካልሲ ነው።

የዚያን ቀን ማታ ግን ሳቄ ጠፋ። ቅዳሜ ሊመጣ ስድስት ቀን ቀርቷል። የእትዬ ዘሃራ ሻንጣ ከቁም ሳጥኑ ወጥታ በር አጠገብ ቆማለች። ሰዓዳ ከእኔ ጋር አታወራም፤ አኩርፋ አይደለም፣ አፏን ከከፈተች እንባ ስለሚቀድማት ነው። በርጩማ መሥራት ያቃተው ሰው ምኑን አባት ሆነ እያልኩ ራሴን ስወቅስ አደርኩ። በማግስቱ ከሥራ ስመለስ ጃኬቴን ሳላወልቅ በርጩማዋን አንስቼ ለአራተኛ ጊዜ ወረድኩ። ይሄ የመጨረሻው ነው አልኩ። አራቱንም እግር ዙሪያውን በገመድ አስሬ መስመር አበጅቼ፣ ሁለት ጣት፣ ቀጥ አድርጌ ቆረጥኩ። ከዚህ በኋላ የሚቆረጥ ከተገኘ ትሪ ነው የሚሆነው።

ምንጣፏ ላይ አኖርኳት። «ውሃ ላምጣልዎት እትዬ?» አልኳቸው ቀድሜ።

«አይ፣ ዛሬ አልጠማኝም» አሉ።

ተቀመጡ። እግራቸው ሙሉ ለሙሉ መሬት ረገጠ። ቀኝ አሉ፣ ግራ አሉ። እኔ «ብቻ» የምትለዋን ቃል እየጠበቅኩ ትንፋሼን ይዣለሁ። «ብቻ» አልመጣችም። እጃቸውን ዘረጉና ሰዓዳ ልጁን ሰጠቻቸው። አቀፉት፣ ጆሮው ሥር ዱዓ አደረጉለት፣ ሽቅብ ሲያነጥስ ሳቁ። ከዚያ ልጁ ማልቀስ ጀመረ።

ሰዓዳ ልትረዳቸው ከሶፋው ብድግ ስትል እትዬ ዘሃራ በዓይናቸው መለሷት። ልጁን ደረታቸው ላይ አስጠጉ፣ ሁለት እግራቸውን ምንጣፉ ላይ አደላደሉ፣ «ያ አላህ» አሉና ተነሱ። ማንም ሳይነካቸው። ልጁን ይዘው። እሽሩሩ እያሉ መስኮቱ ድረስ ሄዱ፣ ተመልሰው መጡ፣ እንደገና ሄዱ። እኔና ሰዓዳ ተያየን። ደስታዬን የት ላድርሰው! ባላፍር እልል እል ነበር።

«ሰዓዳ» አሉ እትዬ ዘሃራ ጀርባቸውን እንደሰጡን፣ «ለወንድምሽ ደውይና ያቺን ቲኬት ወደ ቦታዋ መልሳት በይው። ይሄ ልጅ ዳዴ ሳይል አልሄድም።»

ይሄው ነው፤ አናጢ ሆንኩ። ለጋሼ ይማም ደውዬ ጉራዬን ነዛሁ፣ በርጩማዋን ፎቶ አንስቼ ለማውቀውም ለማላውቀውም ላክሁ። ውሃ ልክ የማይለካውን ሚዛን እጄ ለካው እያልኩ አንድ ሳምንት ሙሉ ቤቱ ውስጥ ተንጎማለልኩ።

በሳምንቱ ቫኪዩም ላደርግ ሳሎን ገባሁ። እትዬ ዘሃራ ውስጥ የልጁን ገላ እያጠቡ ነው። ቀይዋን ምንጣፍ ጠርዟን ይዤ ሳነሳት ከሥሯ አንዲት ነገር ወደቀች። ከዳይፐር ካርቶን የተቀደደች፣ አራት ጊዜ ታጥፋ በጥንቃቄ የተጫነች፣ የክብሪት ሳጥን የምታህል ካርቶን። አገላበጥኳት። ላይዋ ላይ የአራት ማዕዘን እግር ሰርጉድ ብሎ ታትሟል። የበርጩማዬ እግር ነው፤ ያን ጠማማ ማዕዘን ሌላ አናጢ አይሠራውም።

ቀስ እያለ ገባኝ። ውሃው። «ጉሮሮዬ ደረቀ።» የመጀመሪያው መወዛወዝ የእኔ ነበር፣ አልክድም። ስትወዛወዝ እንደምቆርጥ፣ ስቆርጥ እንደምታጥር ያዩት ያኔ ነው። ከፍ አለችብኝ ብለው አማቻቸውን አላሳፈሩም። እኔ እግራቸውን ለመለካት አፈርኩ፣ እሳቸው ቁመቷን ለመናገር አፈሩ፤ ካርቶኗን ምንጣፍ ሥር እየሸጎጡ ሁለት ሁለት ጣት ወደ ልካቸው አወረዷት፤ ልኳ ሲደርስ ካርቶኗን ከእግሯ ሥር ገፋ አድርገው ተዉዋት። እኔ ደግሞ ከቤት ሥር በደረቴ ስሳብ ነበር።

በርጩማዋ ላይ ቁጭ አልኩ፣ ጉልበቴ ጆሮዬ ጋ ደረሰ፤ ብቻዬን እየሳቅኩ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ቀና ስል እትዬ ዘሃራ ልጁን በፎጣ ጠቅልለው በር ላይ ቆመዋል። ካርቶኗ እጄ ላይ ናት። እሷን አዩ፣ እኔን አዩ። ፊታቸው ምንም አልተለወጠም።

«ምነው ልጄ» አሉ፣ «ትወዛወዛለች እንዴ?»

«ኧረ የለም እትዬ» አልኩ ብድግ ብዬ ካርቶኗን ኪሴ እየከተትኩ፣ «ቀጥ ብላ ቆማለች።»

ምንጣፋቸውን አነጠፍኩላቸው፣ በርጩማዋን አኖርኩላቸው። «ቢስሚላህ» ብለው ተቀመጡና ልጁን ጭናቸው ላይ አደላደሉ።

«ማሻአላህ» አሉ። «እጅህን ቁርጥማት አይንካው።»

«የእርስዎንም እትዬ» አልኳቸው። «የእርስዎንም።»